ከከባዱ ቃል ሥር ያለች ነጥብ

ካምፐን፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1927

ለማሬቼ፣ የአዋጅ ነጋሪው የሉበርት ልጅ፣ የኖርደርዌርፍ ደሴት ንግሥት፣ የዓሣ ቅርፊት እመቤት፤

አዎ፣ ጽፌያለሁ። ለደሴቱ ሽማግሌዎች የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ «ከልብ ተጸጽቻለሁ» የሚለውን አራት ጊዜ ደጋግሜ። አንቺ ግን ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድሚ «ጻፍክ ወይ?» ብለሽ ስትጀምሪ ቀረጥ ሰብሳቢ የመጣብኝ መስሎኝ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ሰው እኮ መጀመሪያ «እንዴት ከረምክ» ይላል። ካልጠየቅሽኝ ልንገርሽ፣ ደህና ከርሜያለሁ። ቀኑን ሙሉ የትንባሆ ቅጠል እለያለሁ፦ ሰፊው ለሲጋራው ልብስ፣ ጠባቡ ለሲጋራው ሆድ። የማድረው አጎቴ ቤት ነው። ሚስቱ የአተር ሾርባ ትሠራለች፤ ማንኪያ ብታቆሚበት ጠባቂ ወታደር ሆኖ ይቀራል።

ስለ ዶሮው አሁንም አልጸጸትም፣ ይሄ ለሽማግሌዎቹ አይነገር። የአባትሽ የነጋሪነት ነሐስ ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰው ሞቷል ማለት እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ግን የሞተው የመምህር ክላስ አውራ ዶሮ ደሴቱን ሁሉ ስንት ዓመት ሙሉ የቀሰቀሰ ፍጡር ነው፤ ሦስት ምት ብመታለት ይበዛበታል? አክስት አልቸ ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ ጥቁር ሻሏን ደርባ እያለቀሰች ስትወጣ ማን ነበር የሳቀው? ከመጋረጃው ጀርባ አይቼሻለሁ። ሳቁ ያንቺ፣ ስደቱ የእኔ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኤይበርት፣ ያ ምላሱ ከመልሕቁ የሚረዝመው የፖስታ ጀልባ ሰውዬ፣ ትናንት ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጣለ።

«የሉበርትን ነሐስ እንግዲህ ያ የዝቮለው ልጅ ሊወርሰው ነው» አለ።

«የቱ ልጅ?»

«ፍሬርክ ነዋ። የመምህሩ ረዳት። ጥርሱ የሚያምረው።»

«ነጋሪ የሚሆነው በጥርሱ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። በማሬቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጦ አየሁት። እርሳሱን የያዘችው እሷ ናት።»

እርሳሱን! ማሬቼ፣ ቅጠል ስለይ አንዱን ሰፊ ቅጠል ከመሐል ቀደድኩት፤ አለቃዬ «ሚስትህ ሞተች እንዴ?» አለኝ።

ያቺ እርሳስ ምን እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። አባትሽ ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ቆመው ሲነግሩ፣ ወረቀቱን የምታዘጋጂላቸው አንቺ ነሽ፤ ፊደል ስትበዛባቸው ዓይናቸው ይሸሻላ። እኔም ከአምስተኛ ክፍል በመስኮት የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ከዚያችው እርሳስ ነው ጡት የጠባሁት። የእኛ ቋንቋ መቼም ቃልን ከቃል ማጋባት እንጂ ማፋታት አያውቅም። አምስቱ ተጣብቀው አንድ ሆነው ይመጣሉ፣ ያላወቀ ሰው መሐሉ ላይ ይሰጥማል። አንቺ በቃላቱ ስፌት ላይ ቀጭን መስመር ታሰምሪያለሽ፣ ድምፅ ከሚያርፍበት ከባድ ቃል ሥር ወፍራም ነጥብ ትጥያለሽ። አባትሽ ደግሞ «የፊተኛውን ምታው፣ የኋለኞቹ ራሳቸው ይጎተታሉ። ስትተነፍስ በስፌቱ ተንፍስ፤ ጨርቁን አትቅደድብኝ» ይሉኝ ነበር። ነሐሱን ማን ይወስደዋል ሲባል ሰው ሁሉ እኔን የሚያየው ለዚህ ነበር። ከዶሮው በፊት።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለሱም ነጥብ ጣልሽለት?

ግዞተኛው ቲመን


ኖርደርዌርፍ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1927

ለቲመን፤

እንዴት ከረምክ። ይኸው አስቀደምኩ።

አዎ፣ ጣልኩለት። አባቴ «ጣይለት» አለኝ፣ ጣልኩለት። ፍሬርክ ፊደሉን ከአንተም ከአባቴም ይበልጣል። ችግሩ ድምፁ የክፍል ድምፅ መሆኑ ነው፤ አራት ግድግዳ የሚመልስለት። ወደብ ላይ ደግሞ ግድግዳ የለም። ቀላሉን ቃል ነፋስ ይበላዋል፣ ከዓሣ አጣቢዎቹ ሴቶች ጆሮ የሚደርሰው ከባዱ ብቻ ነው። «ቪስማርክት» ሲል፣ የዓሣ ገበያ ሲል፣ ጉልበቱን ሁሉ «ማርክት» ላይ ጨረሰው። አክስት አልቸ «የምን ገበያ ነው ልጄ? ዓሣውን ድመት በላው?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ።

አሁን ለምዷል። «ቡርኸሜስተር»፣ ከንቲባ የሚለው፣ ብቻ ያስቸግረዋል፤ ክብደቱ ከፊት ሳይሆን ከመሐል ስለሆነ።

«ለምን?» ይለኛል።

«ከንቲባ ቀድሞ አይታይም፣ አጃቢ ይቀድመዋል» እለዋለሁ።

ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። አንተ «ለምን» ብለህ አታውቅም ነበር። ሳቅህን ነበር የምታስቀድመው።

ስለ ነጋሪነቱ ፈተና እንደሆነ፣ የተለወጠ ነገር የለም። ሦስት ቅዳሜ፣ ወደቡ ላይ። እፍኝ ትንባሆ አስይዞ ወረቀት የሰጠ ሰው ወረቀቱ ይነገርለታል፤ በተራው፣ ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳይነካ። ሴቶቹ ከገባቸው ዝም ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ካልገባቸው «ድገም!» ይላሉ። በአንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ «ድገም» የተባለ ነሐሱን መሬት ያስቀምጣል፣ በቃ። ፍሬርክ የመጀመሪያውን ቅዳሜ በአንድ «ድገም» አልፏል። ሦስቱንም ካለፈ በቅዱስ ማርተን ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ ነሐሱ የሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደብዳቤህን አንብበዋል። «አራት ጊዜ ከልብ ያለ ሰው ልቡ የት እንዳለ አያውቅም» አሉ።

አባቴ ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞታል እንጂ።

ማሬቼ


ካምፐን፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1927

ለጠቢቧ ማሬቼ፣ የከንቲባና የአጃቢ መምህር፤

ኧረ አልተቆጣሁም! ተቆጣ ያለሽ ማን ነው? ኤይበርት ነው? ኤይበርት ባሕሩ ሲረጋ እንኳ «ተቆጥቷል» የሚል ሰው ነው።

ትንሽ ከንክኖኛል፣ እሱ እውነት ነው። «ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል» ብለሽ ስትጽፊልኝ ጊዜ ሁለት ቀን ራት አልወርድ አለኝ። የአጎቴ ሚስት «ልጁ ትል ይዞታል» ብላ መራራ ነገር አጠጣችኝ። ትሉስ ይዞኛል፣ ደብተር ይዞ የሚዞር፣ ጥርሱ የሚያምር ትል። ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ነጥብ ልትጥይ ስትይ የእርሳሱን ጫፍ በምላስሽ ትነኪያለሽ። አባትሽ አያዩትም፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ። ለሱም ስትጥይ ትነኪያለሽ? መልሱን አልፈልግም። አይ፣ እፈልጋለሁ። አይ፣ ተዪው።

እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው ካልሽ፣ እኔም የደሴቱ ልጅ ነኝ። እፍኝ ትንባሆ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለልሽ፣ ያውም ከሰፊው ቅጠል። ከሱ ጋር ለሦስተኛው ቅዳሜ የሚነገር አንድ ወረቀት አለ። ከራሴ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ፤ ትንባሆ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ በጥንቃቄ የገለበጥኩት ነው፣ ፊደል በፊደል፣ ምላሴን አውጥቼ።

«ሃሪንግፊሰርስዌዱወንፎንትስበስቲውርስፈርኻደሪንግ። ረቡዕ ኖቬምበር 9፣ በካምፐን። ስሟ ያልተመዘገበ ሁሉ ራሷ ትቅረብ።»

አየሻት? ከጀልባ ገመድ ትረዝማለች! የሄሪንግ አጥማጆች ባልቴቶች መረዳጃ የአመራር ስብሰባ፤ ስድስት ቃል በአንድ አልጋ ተኝቶ። የዝቮለው ጌታ እስቲ ይውጣት። በየት በኩል እንደሚተነፍስ ለማየት ግማሽ ደሞዜን እሰጥ ነበር።

አንቺ ግን እርሳስሽን ኪስሽ ውስጥ። አንዲት ነጥብ ጠብ ካደረግሽለት እሰማለሁ።

ያልተቆጣው ቲመን

ይድረስ ለአባትሽም ሰላምታዬ። ለጉንፋን የሞቀ ቢራ ጥሩ ነው በያቸው።


ኖርደርዌርፍ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1927

ለቲመን፤

ትንባሆው ደርሷል። ወረቀቱም ደርሷል። ተነግሯል።

ነጥብ አልጣልኩም። እርሳሴን አውጥቼ ነበር፣ ፍሬርክ ራሱ «ተዪው፣ ይሄን በራሴ ልወጣው» አለኝ። ፍሬርክ ከእንግዲህ እኛ ቤት አይመጣም። ሰኞ ዕለት ወደ ዝቮለ ተመልሷል፣ መጻሕፍቱንም ይዞ።

ለመዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የቀረውን አትጠይቀኝ። አትጻፍ ብልህ እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ትንባሆ ግን ዳግመኛ እንዳትልክ።

ማሬቼ


ካምፐን፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1927

ለጨካኟ ማሬቼ፤

እሰይ! እሰይ! መጻሕፍቱንም ይዞ! ይህን ስሰማ የትንባሆው ክምር ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ፣ አለቃዬ ግማሽ ቀን ቀጣኝ፣ ምን ቸገረኝ። ደስታዬ ግን ከረቡዕ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የቆየው፤ ሐሙስ ኤይበርት መጣ።

«ቃልህ እኮ ተነገረች» አለኝ።

«አውቃለሁ። ሰውዬው ሰመጠ።»

«እሱማ ሰመጠ። ከሱ በኋላ ነው የምልህ። ሸራዬን እያወረድኩ ነበር፣ ገና ከወደቡ ሩቅ ነኝ። ያቺ ጭራዋ የማያልቅ ቃልህ በውሃው ላይ እየተንከባለለች መጣች፣ አንዲት ፍንካች ሳትጎድልባት። እጄ ገመዱ ላይ ቀረ፣ ቲመን። ሉበርት በጉልምስናው እንኳ እንዲህ አላላትም።»

«ማን ነው ያላት?»

«ትንባሆህ የት አለ?»

ሰጠሁት።

«አሁንስ ማን ነው?»

«አሁንም አልነግርህም። ማሬቼ ምላስህን ለመንጠቆ ምግብ አደርገዋለሁ ብላኛለች።»

ሌባ! ማሬቼ፣ ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው? ማን ነው? አናጢው ዮሪስ ነው? እሱ ስሙን ሲጠይቁት እንኳ ሁለቴ ይተነፍሳል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው? እሱ ሲጮኽ ዳክዬ ይመልስለታል። ወይስ ከሌላ ደሴት የመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚያወጣ ደረተ ሰፊ ሰው አስቀምጠሽ ነው? አሁን ገባኝ፤ «ሥራ በዛብኝ» ያልሽው እሱን ነው። ለሱ ነጥብ መጣል ያስፈልጋል ወይስ ዝም ብሎ ያውቀዋል?

ስሚኝ፤ ፍሬርክን የጠላሁት በጥርሱ ነበር፤ ጥርስ ይረግፋል፣ ቀን መቁጠር ነው። ይሄኛውን ግን ድምፁን ሳልሰማ ነው ዓይኔ ደም የለበሰበት። ያቺን ቃል እኔ እንኳ እዚህ መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ስሞክራት አራተኛው ስፌት ላይ ትበጠስብኛለች። ሃያ ጊዜ ሞክሬያታለሁ። ስሙን ብቻ ንገሪኝ፤ አፈር ስሆን፣ ስሙን ብቻ።

ቲመን


ኖርደርዌርፍ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1927

ለቲመን፤

ሦስተኛ ሰው የለም። እኔ ነኝ።

አሁን ሳታቋርጠኝ አንብብ። ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፣ ለዚህ ይቅርታ፤ አባቴ አስምሎኝ ነው። ዛሬ ከመሐላው ፈታኝ።

ያን ቅዳሜ ፍሬርክ ወረቀትህን ከፈተና ጀመረ። ትንፋሹ ያለቀበት «ዌዱወን» መሐል ነው። ባልቴት የምትለዋ ቃል ለሁለት ተቀደደች፣ ግማሿን ነፋስ ወሰደው። ሴቶቹ የሄሪንግ አጥማጅ የሚለውን ሰሙ፣ መረዳጃ የሚለውን ሰሙ፣ መሐሉ ጠፋ። አክስት አልቸ «ድገም!» አለች። አልሳቀችም። ቲመን፣ አንተ ያንን የገለበጥከው ለርዝመቱ ነው። እዚያ ወደብ ላይ ዓሣ ከሚያጥቡት ሴቶች ባሕር ባል ያልበላባት ማን ናት? ስለ እነሱ የሚናገር ነገር እንደሆነ ገብቷቸዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አልደረሳቸውም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቀረቡት። በቀረቡት ቁጥር ይባስ ተደናገጠ። ሁለተኛ «ድገም»። ሦስተኛ። ነሐሱን መሬት አስቀመጠ፣ ቆቡን አወለቀ፣ «ይቅር በሉኝ እናቶቼ» ብሎ ሄደ። ጨዋ ሰው ነው። አንተም ይህን ዋጠው።

አባቴን የያዘው ጉንፋን አይደለም። ደረቱ ነው፣ ከበጋው ጀምሮ። አልጋው ላይ ሆኖ ሦስቱንም «ድገም» ሰምቷል። በካልሲው ወጣ።

«አባባ፣ ተመለስ!» አልኩት።

«ትንባሆ ተቀብለናል» አለ። «የተቀበልነው ይነገራል።»

ነሐሱን አነሳ፣ መታ። «ሃሪንግ» አለ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ መስኮቶች እስኪንቀጠቀጡ። «ፊሰርስ» አለ። ከዚያ አፉ እንደተከፈተ ቀረ፣ ምንም አልወጣም። የዓሣ በርሜል ላይ ተቀመጠና ነሐሱን ወደ እኔ ዘረጋው።

ምን ላድርግ? ተቀበልኩት። አሥር ዓመት በእርሳስ ያደረግኩትን በአፌ አደረግኩት፣ ሌላ ነገር አላደረግኩም። «ድገሚ» ያለ የለም። አክስት አልቸ ብቻ፣ «ረቡዕ ነው ያልሽው?» አለች። «ረቡዕ ነው» አልኳት። በጀልባ አሥራ አራት ሆነው ይመጣሉ።

አባቴ በሕይወት አለ። ድምፁ ግን አልተመለሰም፤ ሐኪሙም አይመለስም ብሏል። የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁመኛል። በአንተ አልተቆጣም። እኔ ተቆጥቻለሁ፣ አንተም እወቀው።

የሚቀጥለውን ከሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ፈተናውን ያለፈ ከሌለ፣ እስከ ቅዱስ ማርተን ቀን የደሴቱ ተወላጅ የሆነ ወንድ ነሐሱን ከጠየቀ የሱ ነው፤ የጠየቀ ከሌለ በያዘው እጅ ይጸናል። በሴት እጅ እንዳይጸና ስለፈለጉ የዶሮውን ነገር ይቅር ብለውሃል። ከአንተ በቀር የሚጠይቅ ወንድ የለም። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም።

የእርሳሱን ጫፍ በምላሴ እነካ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። አዎ፣ ለሁላችሁም። ለአባቴ፣ ለአንተ፣ ለፍሬርክ። ነጥቧን በጣልኩ ቁጥር ደግሞ እቀና ነበር። እርሳሱ እኔ ጋ፣ ነሐሱ እናንተ ጋ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ አንተም አልጠየቅከኝም፣ ግን ነገርኩህ።

ማሬቼ


ካምፐን፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1927

ለማሬቼ፤

ስለ አባትሽ የምጽፈው አጣሁ። «ከልብ» የምትለዋን ቃል ለሽማግሌዎቹ አራት ጊዜ አባክኜ፣ ለሚገባቸው ሰው ስትፈለግ ባዶ እጄን ቀረሁ። ፊታቸው ቆሜ የምለው ነው፣ በወረቀት አይሆንም። አንቺም ተቆጪ። ይገባሻል፣ አልከራከርም። ይኸውልሽ፣ ቲመን አልከራከርም አለ፤ ቀኑን ጻፊው።

የሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ዓርብ ደረሰኝ። ቅዳሜ በኤይበርት ጀልባ መጣሁ።

አዎ፣ መጥቻለሁ። ልወስደው ነው የመጣሁት፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ? የአጎቴን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ፀጉሬን በውሃ አስተኝቻለሁ። መንገዱን ሙሉ ከሽማግሌዎቹ ፊት እንዴት እንደምቆም ስለማመድ ኤይበርት «ሙሽራ ነህ ወይስ አስከሬን? ማጠቢያህ ያው ነው» ሲለኝ ነበር። ወደቡ መታየት ሲጀምር ነሐሱን መታሽ።

«ሸራውን አውርድ» አልኩት።

«ምነው፣ ፈራህ?»

«አውርድ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ።»

አወረደ። እዚያው ቆመን ሰማን። የጠፋ የእንጨት ጫማ፣ የግራ። የድንች ጀልባ ሰኞ ይመጣል። የእሳት ማጥፊያው ፓምፕ ቤት ጣሪያ ይጠገናል፣ እጅ ያለው ሁሉ ይምጣ። «ብራንትስፓውትሃውስ» ስትይ፣ «ብራንት» ጀልባችንን መታት፣ «ስፓውት» ተከተለች፣ «ሃውስ» ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንድትሳሳቺ ጸለይኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያውም ሁለት እጄን አጣምሬ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንዲት ስህተት ጠበቅኩ፤ አንዲት ብቻ፣ ብትሳሳቺ ዘልዬ እወርድ ነበር። አላገኘሁም። ሸሚዙን እጅጌው ላይ ነከስኩት፣ አጎቴ ገና አላየውም።

በፍሬርክ መቅናት እንዴት ቀላል ነበር! ጥርሱን እሰብራለሁ እያልኩ እተኛለሁ። አንቺን ምንሽን እሰብራለሁ? ነጥብ የምትጥይልኝ አንቺ፣ የምጮኸው እኔ፤ ይሄ የዓለም ሥርዓት ይመስለኝ ነበር። አንቺ ስትቀኚ ደግሞ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ እስቅ ነበር። ስለማላውቀው አይደለም ያልጠየቅሁሽ። ያልጠየቅሁሽ ብጠይቅ ስለምትነግሪኝ ነው።

ወደቡን ሳንረግጥ ስንመለስ መሐል ባሕር ላይ ተነስቼ ቆምኩና ያቺኑ የፓምፕ ቤቱን ነገር እኔም ጮኽኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ኤይበርት፣ ለራሱ እናት እንኳ ስድብ የማያጣው ኤይበርት፣ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ወደ ፊት ያይ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ሴቶቹ ወደ ካምፐን ሲመጡ ወደቡ ላይ እጠብቃቸዋለሁ፤ ስብሰባው የሚደረግበትን ቤት አይቼዋለሁ፣ መግቢያው ከኋላ ነው፣ ለብቻቸው አያገኙትም። አክስት አልቸ ከፈለገች በጃንጥላዋ ትምታኝ።

ቅናቱ አልለቀቀኝም። ቶሎ የሚለቀኝም አይመስለኝም። አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማርተን ቀን ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ቆሜ ታገኚኝ ነበር፤ ይሄንንም እወቂው።

ለሽማግሌዎቹ ዛሬ ጠዋት ጽፌያለሁ። «ነሐሱን አልጠይቅም። ቲመን።» ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። በሕይወቴ እንዲህ አጭር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ሦስት ወረቀት ቀድጄበታለሁ።

የሚቀናብሽ፣
ቲመን